የደም ብዛት በቀንና በሌሊት፤ የኵላሊትም ድርሻ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ለብዙው ሕመም እውነት ነው። ስለ ደም ብዛት ሲነገር ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል፤ ምክንያቱም በሌላው ሕመም የሚደብቀው ሰው ሲሆን በዚህኛው የሚደበቀው በሽታው ራሱ ነው። ትኩሳት ሳያመጣ፥ ከመብልና ከሥራ ሳያስቀር ብዙ ዓመት በሰው ገላ ውስጥ ይቀመጣል። ኋላ ሲገለጥም ብዙ ጊዜ ልብን ወይም አንጎልን ወይም ኵላሊትን ጐድቶ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆነው ሰዎች መካከል ይህ ሕመም ያለባቸው ከ1 ቢሊዮን ይበልጣሉ፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

ውድ አንባቢዎቼ፥ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ ያሰብሁት ስለ ደም ብዛት በጠቅላላው አይደለም። ይህን ከጤና ባለሙያዎችና ከራዲዮ ዘወትር እንሰማለን። እኔ ለመጻፍ የተነሣሁት ብዙ ሰው ስለማያስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም የሰው የደም ግፊት በቀንና በሌሊት አንድ ዓይነት አለመሆኑ፥ ሌሊት ዝቅ ማለት የሚገባው መሆኑ፥ ዝቅ ሳይል ሲቀር ደግሞ ነገሩ ብዙ ጊዜ ወደ ኵላሊት የሚያመለክት መሆኑ ነው። በቀን ብቻ የተለካ ግፊት የነገሩን ግማሽ ብቻ ይነግረናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ስሙና ግብሩ

አገራችን ሰው ይህን ሕመም «ደም ብዛት» ይለዋል። ሐኪሞች ግን «የደም ግፊት» ማለትን ይመርጣሉ፤ የሚለካው የደሙ ብዛት ሳይሆን ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነውና። ልብ ስትጨመቅ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ስታርፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ልኩ በሁለት ቍጥር ይጻፋል። ለምሳሌ 120 በ80 ሲባል የላይኛው የጭመቃው፥ የታችኛው የዕረፍቱ ልክ ነው። መለኪያውም የሜርኩሪ፥ ማለት የባዜቃ ሚሊሜትር ነው። በሐኪም ቤት በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የደም ብዛት አለበት ይባላል።

ግፊቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የልብ አገፋፍ ነው። ሁለተኛው የደም ሥሮች መጥበብና መስፋት ነው። ሦስተኛው በደም ሥሮች ውስጥ ያለው የውኃና የጨው መጠን ነው። የጓሮ አትክልት የሚያጠጣ ሰው ቧንቧውን ይበልጥ ቢከፍተው፥ ወይም የጎማውን አፍ በጣቱ ቢያጠበው ውኃው በኀይል እንደሚወጣ ያውቃል፤ የደሙም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሦስቱ መካከል ሦስተኛውን የሚያስተዳድረው ኵላሊት ነው፤ በሁለተኛውም ላይ ሥልጣን አለው። እንግዲህ «ደም ብዛት» የሚለው የቀድሞ ስም ፈጽሞ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ኵላሊት ጨውና ውኃ ማስወጣት ሲያቅተው በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ በእውነት ይበዛልና።

የደም ግፊትን ለመጀመሪያ ጊዜ የለካው እስቴፈን ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። እርሱ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ በአንዲት ባዝራ የደም ቅዳ ውስጥ ቧንቧ አግብቶ ከረዥም የመስተዋት ቱቦ ጋራ ቢያያይዘው ደሙ ወደ 2 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ወጣ። በሰው ላይ እንዲህ ማድረግ የማይቻል ስለ ሆነ ነገሩ ብዙ ዘመን ቈየ። በ1896 ሪቫ ሮቺ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ክንድ ላይ ተጠቅልሎ በአየር የሚነፋውን መሣሪያ ሠራ፤ በ1905 ደግሞ ኮሮትኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም በማዳመጫ የደሙን ድምፅ እየሰሙ ሁለቱን ቍጥሮች የሚለዩበትን ዘዴ አስተማረ። ዛሬም በጤና ጣቢያ ነርሷ ክንዳችንን ጠቅልላ በማዳመጫ ስታደምጥ የምትሠራው በነዚሁ በሁለቱ ሰዎች ዘዴ ነው።

ኵላሊት ምን ይሠራል?

ኵላሊቶቻችን በወገባችን ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ወደ 150 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ትንሾች ቢሆኑም ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደነርሱ ይሄዳል፤ ይህም በየደቂቃው ወደ 1 ሊትር ገደማ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ኵላሊት ውስጥ ኔፍሮን የሚባሉ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። የእያንዳንዱ ማጣሪያ ራስ የቀጫጭን ደም ሥሮች ድቡልቡል ነው። ደም በአንድ ትንሽ ደም ቅዳ ይገባል፤ በሌላ ትንሽ ደም ቅዳ ይወጣል። በመካከሉም በራሱ ግፊት ተገፍቶ ውኃው፥ ጨውና ቆሻሻው ይጣራል።

በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጣራው ፈሳሽ 180 ሊትር ያህል ነው። ይህን ለመቅዳት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 9 ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ወደ 1 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ከፈሳሹ ጋራ በቀን ወደ 1 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጨው ይጣራል፤ ከዚህም ከመቶው 99 እጅ የሚበልጠው ተመልሶ ይገባል። የሚወጣው ያ በበላነው ልክ የሆነው ጥቂት ትርፍ ነው። እንግዲህ ይህ ሒሳብ በትንሹ እንኳ ቢዛባ በገላችን ውስጥ የሚቀረው ጨው ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ያስተውል። ጨው የቀረበት ገላ ደግሞ ውኃ ይዞ ያስቀራል፤ ግፊቱም ይጨምራል።

ጤነኛ ኵላሊት ለዚህ መፍትሔ አለው። ግፊቱ ከፍ ሲል ብዙ ጨውና ውኃ ያስወጣል፤ ፈሳሹ ሲቀነስ ግፊቱ ተመልሶ ይወርዳል። ግፊቱ ሲቀንስበት ደግሞ ሬኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይልካል። ይህን ሬኒን በ1898 በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ ከጥንቸል ኵላሊት ያገኙት ቲገርሽቴትና በርግማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው። ሬኒን በደም ውስጥ አንጂዮቴንሲን የሚባለውን ነገር ያስነሣል፤ አንጂዮቴንሲን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ በኵላሊት ራስ ላይ የተቀመጡትንም ዕጢዎች አዝዞ አልዶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን ያስወጣል። ይህም ሆርሞን ኵላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርገዋል። ደም ለፈሰሰው ወይም በተቅማጥ ለደከመ ሰው ይህ ሥራ ሕይወት ያድናል፤ ያለ ጊዜው ሲሠራ ግን በሽታ ይሆናል።

ይህንም በ1934 ሃሪ ጎልድብላት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ግልጥ አድርጎ አሳየ። ወደ ውሻ ኵላሊት የሚገባውን ደም ቅዳ በትንሽ የብር መቆንጠጫ በከፊል ቢያጠበው የመላው ገላ ግፊት ከፍ ብሎ ቀረ። ኵላሊት ደም ያነሰው መስሎት ገላውን በሙሉ እንዲጨነቅ አደረገው ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ኵላሊት የደም ብዛት ተጐጂ ብቻ ሳይሆን አምጪም ለመሆን እንደሚችል ታወቀ።

ግፊት ሌሊት ለምን ይወርዳል?

ሬኒን በተገኘበት በዚያው በ1898 ሊዮናርድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ሰው ሲተኛ የደሙ ግፊት እንደሚወርድ ጻፈ። በአንድ ዓመት የተገኙት እነዚህ ሁለት ነገሮች፥ ማለት የኵላሊት ሬኒንና የእንቅልፍ ግፊት፥ የአንድ ጉዳይ ሁለት ወገን መሆናቸው በደንብ የታወቀው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ዛሬ ሐኪሞች የ24 ሰዓት መለኪያ የሚባል መሣሪያ አላቸው። ሰውየው መጠቅለያውን በክንዱ፥ ትንሿን መሣሪያ በወገቡ ታጥቆ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ተኝቶም ያድራል። መሣሪያው በቀን በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃ፥ በሌሊት በየ30 ደቂቃ ወይም በየሰዓቱ ራሱ እየነፋ ይለካል። በዚህ ዓይነት ሲታይ የጤነኛ ሰው ግፊት በእንቅልፍ ጊዜ ከቀኑ ልክ ከመቶ 10 እስከ 20 እጅ ዝቅ ይላል። ለምሳሌ የቀኑ አማካይ የላይኛ ቍጥር 150 የሆነ ሰው የሌሊቱ ከ120 እስከ 135 መሆን ነበረበት። ከመቶ 10 እጅ እንኳ ያልወረደለት «የማይወርድ» ይባላል፤ ይባስ ብሎ ሌሊት የሚጨምርበትም አለ። ይህን ክፍፍል በ1988 ያወጡት በአየርላንድ አገር ኦብራየንና የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች የሌሊቱ ግፊት ከቀኑ ይልቅ የልብንና የአንጎልን አደጋ አስቀድሞ እንደሚያመለክት አሳይተዋል። በዚህ መሣሪያ ሲለካ የቀኑ አማካይ ከ135 በ85፥ የሌሊቱ ደግሞ ከ120 በ70 በታች እንዲሆን ይፈለጋል።

ይህን የቀንና የሌሊት ልክ የሚያዘው ማን ነው? በአንጎላችን ሥር፥ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ጅማቶች ከሚሻገሩበት በላይ፥ የሩዝ ፍሬ የማታህል የገላ ሰዓት አለች። ብርሃን ከዐይን እየደረሳት ጧትና ማታውን ለገላ ሁሉ ታሳውቃለች። ይሁን እንጂ ሰዓቱ በአንጎል ብቻ አይደለም፤ የልብ፥ የደም ሥርና የኵላሊት ሕዋሳትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የመረመሩት ሦስት አሜሪካውያን፥ ሆል፥ ሮዝባሽና ያንግ፥ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሲመሽና እንቅልፍ ሲመጣ የደም ሥሮችን የሚያጠብቡት ነርቮች ይበርዳሉ፤ ልብ ቀስ ትላለች፤ ደም ሥሮች ይላላሉ። ኵላሊትም ከቀኑ ያነሰ ውኃና ጨው ያወጣል፤ ለዚህም ነው ጤነኛ ሰው ሳይነሣ ለማደር የሚችለው። ሊነጋ ሲል ነገሩ ይገለበጣል። ገላን የሚያነቁት ሆርሞኖች ይነሣሉ፤ የሬኒንም ሥራ ይበረታል፤ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ደምም ለመርጋት ይፈጥናል። የልብ ድካምና ስትሮክ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ከሌላው ሰዓት ይልቅ የሚበዙት ከዚህ የተነሣ ነው።

የሌሊት ዕረፍት ለደም ሥሮች እንደ ሰንበት ነው። ቀን ሙሉ ሲገፉ የዋሉ ግድግዳዎች ሌሊት ካላረፉ ይወፍራሉ፤ ይደድራሉ፤ መላላትንም ይረሳሉ። ለኵላሊት ይህ ከሌላው የአካል ክፍል ይልቅ የከፋ ነው። ወደ ማጣሪያው የሚያስገባው ትንሽ ደም ቅዳ ግፊት ሲበዛ እየጠበበ ማጣሪያውን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ ከብዙ ዓመት ጭንቀት በኋላ ሲደድር ግን መጠበቁ ይቀራል። ያን ጊዜ ግፊቱ በቀጥታ በማጣሪያው ላይ ያርፋል። ማጣሪያው ሲሳሳ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ወደ ሽንት ያልፋል፤ ቀጥሎም ማጣሪያው ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል። የሞተ ኔፍሮን ተመልሶ አይበቅልም።

የደከመ ወፍጮ ሌሊትም ይፈጫል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ኵላሊቱ የደከመ ሰው ግፊት ሌሊት ሳይወርድ የሚቀረው ለምንድን ነው?

በምሳሌ ልናገር። ድንጋዩ ደኅና የሆነ ወፍጮ የመንደሩን እህል በቀን ፈጭቶ ይጨርሳል፤ ሌሊት ይዘጋል። ድንጋዩ የተበላ ወፍጮ ግን ሞተሩ ቢበረታ እንኳ ቀኑ አይበቃውም፤ የተረፈውን እህል ሌሊት ሲፈጭ ያድራል። ኵላሊትም እንደዚሁ ነው። እህሉ በቀን የበላነው ጨው ነው፤ ሞተሩ የደም ግፊት ነው። ማጣሪያዎቹ ያነሱበት ኵላሊት ያንኑ ጨው ለማስወጣት ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል፤ ቀኑ ካልበቃው ደግሞ ሌሊቱንም ይጨምራል። ስለዚህ ግፊቱ ሌሊት የማይወርደው ገላ ስሕተት ስለ ሠራ ሳይሆን ጨውን ለማስወጣት ሌላ መንገድ ስላጣ ነው። ነገር ግን ያ የሌሊት ግፊት የቀሩትን ማጣሪያዎች ይጐዳል፤ ማጣሪያ ባነሰ ቍጥር ግፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን እየጐተተ ወደ ገደል ይወርዳሉ።

ይህ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስል በ1997 ኡዙና ኪሙራ የተባሉ የጃፓን ሐኪሞችና የሥራ ባልደረቦቻቸው በበሽተኞች ላይ ፈትነውታል። ግፊታቸው ሌሊት የማይወርድላቸውን ሰዎች ጨው የበዛበት ምግብ፥ ቀጥሎም ጨው ያነሰበት ምግብ ሲሰጧቸው፥ ጨው ባነሰ ጊዜ ሌሊት መውረድ ጀመረላቸው። ጨውንና ውኃን የሚያስወጣው የሽንት ክኒንም እንደዚሁ እንደሚረዳ እነዚሁ ሐኪሞች በኋላ አሳይተዋል። እህሉ ሲቀነስለት ወፍጮው በጊዜ ተዘጋ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የማውቀውን ነገር ልጨምር። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለደም ብዛት ክኒን መዋጥ ከጀመሩ ቈይተዋል። በየጊዜው ጧት ጧት ሲለኩ 136 በ84 ወይም ለዚህ የቀረበ ስለሚሆን «ደኅና ነው» ተብለው ይመለሱ ነበር። ማታ ማታ ግን እግራቸው ያብጣል፤ ሌሊትም ለሽንት ይነሣሉ። አንድ ቀን ሌላ ሐኪም «ጋሼ፥ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አራት ጊዜ፤ እርሱ እንኳ የዕድሜ ነው» አሉት። ሐኪሙ ግን በዚህ አላለፈውም፤ የ24 ሰዓቱን መለኪያ አስታጠቃቸው፤ ሽንታቸውንና ደማቸውንም አስመረመረ። የቀኑ አማካይ 134፥ የሌሊቱ 138 ሆኖ ተገኘ፤ በሽንታቸውም ውስጥ ፕሮቲን ታየ። ኵላሊታቸው በየሌሊቱ የቀኑን ጨው ሲፈጭ ያድር ነበር። ከዚያ በኋላ አክስቴ የሽሮውን ጨው ቀነሰች፤ ሐኪሙም የሽንት ክኒን ጨመረላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲለኩ የቀኑ 128፥ የሌሊቱ 114 ሆነ። ይሁን እንጂ በደም ምርመራ የታየው የኵላሊት ጕዳት እንዳለ ነው፤ የቆመው መጨመሩ ብቻ ነው። ያ አንድ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ ማጣሪያ ይተርፍ ነበር።

በእርግጥ ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ሁሉ የኵላሊት በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። የስኳር በሽታ፥ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ፥ ማታ ብዙ መጠጣትም ያስነሣሉ። ግፊት ሌሊት እንዳይወርድ የሚያደርገውም ኵላሊት ብቻ አይደለም፤ በእንቅልፍ ላይ እያንኰራፉ ትንፋሽ መቋረጥ፥ የስኳር በሽታ፥ የሌሊት ሥራም ይህን ያመጣሉ። ነገር ግን የደም ብዛት ያለበት ሰው ሌሊት ብዙ ጊዜ የሚነሣ ከሆነ ነገሩን ለሐኪም መንገር ይገባዋል እንጂ በዕድሜ ማሳበብ የለበትም።

መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ይዋጥ?

የሌሊት ግፊት ይህን ያህል የሚጐዳ ከሆነ መድኃኒቱን ማታ መዋጥ አይሻልምን? የሚል ጥያቄ በአንባቢ ልብ መነሣቱ አይቀርም። በ2019 ከስፔን የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ማታ መዋጥ ብዙ ሞት እንደሚያስቀር ተናግሮ ነበር፤ ነገር ግን አሠራሩ ብዙ ክርክር አስነሣ። በ2022 በብሪታንያ የታተመ ሌላ ጥናት 21,104 ሰዎችን ከፍሎ ግማሹን ጧት፥ ግማሹን ማታ እንዲውጡ አድርጎ ከ5 ዓመት በላይ ቢከታተላቸው በልብ ድካም፥ በስትሮክም ሆነ በሞት ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ለአብዛኛው ሰው ትልቁ ነገር ሰዓቱ ሳይሆን ሳያቋርጡ በየቀኑ መዋጡ ነው። ለማይረሳው ሰዓት የሚስማማውን ይምረጥ፤ ሐኪሙ በተለይ ያዘዘው ሰዓት ካለ ያንኑ ይጠብቅ።

ከመድኃኒቶቹ መካከል የአንዱ ታሪክ ደስ ስለሚለኝ ልጻፈው። በ1960ዎቹ ዓመታት ፌሬይራ የተባለ የብራዚል ሊቅ በአገሩ ከሚገኝ እባብ መርዝ ውስጥ አንድ ነገር አገኘ። ኋላም ሌሎች ሊቃውንት ይህ ነገር አንጂዮቴንሲን እንዳይሠራ የሚከለክል መሆኑን ተረዱ። ከዚህ ተነሥተው ካፕቶፕሪል የተባለውን ክኒን ሠሩ፤ በ1981 በአሜሪካ ለሕዝብ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ዛሬ በኛ አገር ብዙ ሰው የሚውጠው ኢናላፕሪል የዚሁ ዘመድ ነው። ይህ ዓይነት መድኃኒት ከማጣሪያው የሚያስወጣውን ደም ቅዳ ስለሚያላላ በማጣሪያው ላይ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፕሮቲን በሽንታቸው ለሚታይ ሰዎች በተለይ ይረዳል። ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም።

ከኛ ምን ይጠበቃል?

ኵላሊት ፈጽሞ ከደከመ በኋላ የሚቀረው መንገድ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜው ወደ 4 ሰዓት ያህል ከመኪና ጋራ ታስሮ መዋልን ይጠይቃል፤ ወጪውም ብዙ ቤተ ሰብ አደኽይቷል። ንቅለ ተከላ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በ2015፥ በኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተደርጓል፤ ይህ የሚያኰራ ሥራ ነው። ቢሆንም ኵላሊት የሚሰጥ ሰው እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

እኛ ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን በየቤታችን ፊደል የቈጠርን እኛ ስለ ሆንን ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ።

1ኛ፤ በቤታችን ያሉ ትልልቅ ሰዎች ግፊታቸውን እንዲለኩ እናድርግ። ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፤ ቡና ወዲያው አይጠጡ፤ ጀርባቸውን ያስደግፉ፤ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ይሁን። የሚለካውን ቍጥር ከነሰዓቱ በደብተር እንጻፍላቸው። የቤት መለኪያ ያለው ሰው ጧት ክኒን ከመዋጡ በፊትና ማታ ከመተኛቱ በፊት ቢለካ ለሐኪሙ ብዙ ይጠቅመዋል።

2ኛ፤ ጨው እንቀንስ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ጨው በወጡ ብቻ እንዳይመስለን፤ በበርበሬው፥ በሚጥሚጣው፥ በዳቦው፥ በአንዳንድ አገርም በቡናው ውስጥ አለ። ከሁሉም አስቀድሞ ጨው በተቀመጠበት ወጥ ላይ ሳይቀምሱ ሌላ ጨው መነስነስ ይቅር። ኵላሊቱ የደከመ ሰው ግን የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን ነገር ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይብላ፤ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ስላለበት ልብን ሊጐዳ ይችላል።

3ኛ፤ ለወገብና ለጕልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ እየተገዙ የሚዋጡት እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ሲደጋገሙ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኵላሊትንም ይጐዳሉ። ይህን ለአያቶቻችን እናስረዳ።

4ኛ፤ የደም ብዛት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሽንቱን ለፕሮቲን፥ ደሙን ለክሬያቲኒን ያስመርምር። ኵላሊት እስኪያም የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል።

5ኛ፤ «ዛሬ ደኅና ነኝ» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን እንንገራቸው። ደኅና ያደረጋቸው መድኃኒቱ ነውና።

6ኛ፤ ስለ ሌሊቱ እንጠይቃቸው። ስንት ጊዜ ይነሣሉ? እግራቸው ማታ ያብጣልን? ያንኰራፋሉን? መልሱን ጽፈን ወደ ሐኪም ሲሄዱ አብረን እንሂድ። ሐኪሙ ብዙ በሽተኛ የሚጠብቀው ስለ ሆነ ሳይነግሩት ሌሊቱን ሊያውቅ አይችልም፤ በቤት ውስጥ ሌሊት በር ሲከፈትና ሲዘጋ የምንሰማው ግን እኛ ነን።

በትምህርት ቤታችን ስለ ኵላሊት በባዮሎጂ ክፍል ተምረናል፤ ሥዕሉንም በደብተራችን ስለናል። ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ ከሆነ ከፈተናው ጋራ ይረሳል። ወደ ቤት ወስደን ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ብናካፍለው ግን አንዳንድ ኵላሊት ሊተርፍ ይችላል። ይህን ያነበበ ጓደኛዬ ሁሉ ዛሬ ማታ ከቤቱ ታላላቆች ለአንዱ ያን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅልኝ በትሕትና እለምናለሁ።